22.4 ወልቂጤ ላይ ስንት ነው?

ወልቂጤ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ቡታጅራም ላይ አይፈላም።

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አለፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚያ የተጣደ ውሃ 93.6 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ እሳቱን ብትቆሰቁሱት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ቡታጅራ 2,100 ሜትርን አልፋለችና እዚያ ወደ 93 ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ 92 አካባቢ ነው። "ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሸምድደናታል፤ ፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንባታል።

ዓረፍተ ነገሯ ውሸት የለባትም፤ ግማሿ ግን ተቆርጧል። ሙሉዋ እንዲህ ትላለች፦ "ግፊቱ 1 አትሞስፌር በሆነበት ቦታ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል።" እንዲህ ያለ ቦታ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይገኛል፤ ምጽዋም ላይ ይገኛል። ጉራጌ ውስጥ ግን አንድም የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለተቆረጠችው ግማሽ ነው። ኬሚስትሪ ውስጥ ተማሪ ሁሌም የሚያምታታቸው ሁለት አባባሎች አሉ። አንዱ "ኤስቲፒ" ይባላል፤ መደበኛ ሙቀትና ግፊት ማለት ነው። ሌላው "የክፍል ሙቀት" ነው። ሁለቱም መጽሐፉ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይመስላሉ። የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ሰዎች ተሰብስበው የተስማሙበት ነገር ነው። ሁለተኛው አንድ ሰው የሚኖርበት ክፍል ነው። የማን ክፍል እንደሆነ ነው እንግዲህ ጥያቄው።

ቱቦው ተራራ ወጣ

አየር ክብደት እንዳለው፣ ክብደቱም እንደሚጫነን በሙከራ የታየው ከ400 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ ጣሊያናዊው ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ያሰበው ሙከራ ቀላል ነበር። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ ይሞላል፤ ከዚያ አፉ በጣት ተይዞ ሜርኩሪ ያለበት ሳህን ውስጥ ይገለበጣል። ሜርኩሪው ሙሉ በሙሉ አይፈስም። 76 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ከታች ደግፎ የያዘው ሳህኑ ላይ የሚጫነው አየር ነው።

ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ መጣለት። አየር የሚጫነን ከሆነ፣ ተራራ ስንወጣ ከላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ሜርኩሪውም ዝቅ ማለት አለበት። እሱ ጤናው ደካማ ስለነበር የእህቱን ባል ፍሎራን ፔሪዬን ላከው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ፔሪዬ ቱቦውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለው ተራራ ላይ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ አገኘው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ፔሪዬ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ ከታች ገዳም ውስጥ ትቶ፣ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አድርጓል። የታችኛው አልተነቃነቀም። "የላዩ ወረደ" ለማለት የሚያስደፍረው ይህ ነው። ማወዳደሪያ ከሌለ ልዩነት የሚባል ነገር የለም። የ"ስታንዳርድ" ሐሳብ ጥንስሱ እዚያ ገዳም ውስጥ የቀረው ቱቦ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ደግሞ ይቺን ልብ በሉ፦ ፑይ ደ ዶም ከባሕር ጠለል በላይ 1,465 ሜትር ነው። ፔሪዬ ዳገት ወጥቶ፣ ደክሞት፣ "ተራራ ጫፍ ደረስኩ" ብሎ የለካበት ቦታ ከወልቂጤ መናኸሪያ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለፓስካል "ልዩ ሁኔታ" የነበረው ነገር ለእኛ ወደ ገበያ ስንሄድ የምንረግጠው መሬት ነው።

ዜሮ ለምን ተመረጠ?

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1742፣ አንደርስ ሴልሺየስ የተባለ የኡፕሳላ የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለ ቴርሞሜትር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ቴርሞሜትር ያኔም ነበር፤ ችግሩ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቁጥር መጻፉ ነው። ሴልሺየስ የፈለገው ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ መልሶ ሊያገኛቸው የሚችል ሁለት ቋሚ ነጥቦችን ነበር። አንዱ የሚቀልጥ በረዶ፣ ሌላው የሚፈላ ውሃ። በነገራችን ላይ እሱ ሲጀምር መፍያውን 0፣ መቅለጫውን 100 ነበር ያለው፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ገለበጡት።

ጽሑፉ ውስጥ ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አልነበረም። ሴልሺየስ የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ቴርሞሜትሩን ደጋግሞ ሲነክረው፣ የአየር ግፊቱ ቢለዋወጥም፣ ሁሌ እዚያው ቦታ ላይ ይቆምለት ነበር። የሚፈላው ውሃ ግን ባሮሜትሩ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። ስለዚህ የመፍያውን ነጥብ ሲወስን የባሮሜትሩን ቁመት አብሮ መናገር ግድ ሆነበት። "ውሃ በ100 ይፈላል" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከባለቤቱ እጅ ስትወጣ ሙሉ ነበረች ማለት ነው። የተቆረጠችው መንገድ ላይ ነው።

በረዶ የተወደደበት ሌላም ምክንያት አለ። በረዶና ውሃ አንድ ዕቃ ውስጥ ከተቀላቀሉ፣ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ራሱን ጠብቆ 0 ላይ ይቆያል። መብራት አይፈልግም፤ ማስተካከያ አይፈልግም። ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ደጁ ላይ ለሚከመርለት የአውሮፓ ሳይንቲስት ከዚህ የረከሰ ስታንዳርድ የለም። እኛ ጋ በረዶ ማለት ከሰማይ ወርዶ ጎመኑን ቀጥቅጦ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው የሚጠፋ ነገር ነው። ቡታጅራ ላይ ሳይንስ ቢጀመር ኖሮ ዜሮ የሚለው ነጥብ ሌላ ቦታ ላይ ይተከል ነበር ብዬ አስባለሁ።

22.4

ጋዝ ከድንጋይ የሚለየው አመሉን ከቦታ ቦታ መቀየሩ ነው። አንድ ኪሎ ድንጋይ ወልቂጤም ሐረርም ያው ድንጋይ ነው። አንድ ፊኛ አየር ግን ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ተራራ ሲወጣ ያብጣል። አሜዲዮ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ብዛት ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ ሲል "ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል ከሆነ" የሚል ማሰሪያ ነበረበት። ማሰሪያው ከወጣ ሕጉ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ነው የጋራ ነጥብ ያስፈለገው። በ1840ዎቹ አንሪ ቪክቶር ረኞ ፓሪስ ውስጥ ጋዞችን በመስታወት ድቡልቡል ዕቃ ሞልቶ፣ ዕቃውን የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነክሮ ይመዝን ነበር። ሌሎች ደግሞ በክፍላቸው ሙቀት ይለኩና ውጤቱን በሒሳብ ወደ 0 ዲግሪና ወደ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይመልሱታል። 760 ሚሊ ሜትር በባሕር ዳርቻ የተለመደው የባሮሜትር ቁመት ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል። ኢንትራንስ የተፈተነ ሁሉ የሚያውቃት 22.4 ይቺ ናት።

ልብ አድርጉ፤ እነዚያ ሰዎች ራሳቸው 0 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አልሠሩም። ይበርዳቸዋል። ኤስቲፒ ማንም የሚኖርበት ቦታ ሆኖ አያውቅም። የለኩትን ነገር ለሌላ ከተማ ሰው ለመላክ ሲፈልጉ ብቻ ወደዚያ ይተረጉሙታል። የሚኖሩት ክፍላቸው ውስጥ ነው፤ የሚነጋገሩት በኤስቲፒ ነው።

የማን ክፍል?

ስምምነት ስለሆነም ሲቀየር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1954 የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ 1 አትሞስፌር ማለት 101,325 ፓስካል ነው ብሎ ቆረጠ። በ1982 ደግሞ አዩፓክ የሚባለው ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት፣ ለሂሳብ ይመቻል ብሎ መደበኛ ግፊቱን ወደ 100,000 ፓስካል አወረደው። ሙቀቱ 0 ላይ ቀረ። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ትንሽ ስለሚሰፋ የሞሉ ይዘት ከ22.4 ወደ 22.7 ሊትር ተቀየረ። ብዙ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ የሚያትመው የድሮውን ነው። እናትና ልጅ ኬሚስትሪ የተማሩበት ቤት ካለ፣ የሁለቱ ኤስቲፒ ላይገጥም ይችላል።

የክፍል ሙቀት ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያስቃል። እንግሊዞች የያርዳቸውን ርዝመት የሚወስኑት በ62 ፋራናይት ነበር፤ ወደ 16.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል። ፈረንሳዮች ሜትራቸውን የሚወስኑት በሚቀልጥ በረዶ ሙቀት፣ በ0 ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች 68 ፋራናይትን፣ ማለትም 20 ዲግሪን ለመዱ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለንደን የተሠራ ቡሎንና ፓሪስ የተሠራ ዳዶ በወረቀት ልክ ሆነው በእጅ ላይ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1931 ዓለም አቀፉ የክብደትና የልኬት ኮሚቴ ለኢንዱስትሪ የርዝመት ልኬት 20 ዲግሪን መረጠ። በ1951 አይሶ የሚባለው የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ቁጥር 1 ሰነድ ስለዚችው 20 ዲግሪ ነበር። ከሁሉም ነገር በፊት መጀመሪያ መስማማት ያስፈለገው "ክፍላችን ምን ያህል ይሞቃል?" በሚለው ላይ ነው።

የኬሚስትሪ ሰንጠረዦች ደግሞ 25 ዲግሪን ይዘው ቀሩ። በዚህ ሙቀትና በ100,000 ፓስካል ላይ አንድ ሞል ጋዝ 24.8 ሊትር ነው። አሁን 22.4፣ 22.7 እና 24.8 አሉን። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሦስቱም ባሕር ዳር የተለኩ ናቸው።

ውሃ እያፈላ ካርታ የሠራው ሰው

ወደ እኛ አገር እንምጣ። አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ አስር ዓመት ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖረ። የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚያውቀው በሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትና በ1881 ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ከዚህ ሌላ ግን የአገሪቱን ሰፊ ክፍል በሳይንሳዊ ዘዴ ለክቶ ካርታ ያወጣ ሰው ነው።

የቦታዎችን ከፍታ እንዴት አወቀ? የሜርኩሪ ባሮሜትር ረጅም መስታወት ነው፤ በበቅሎ ጀርባ አስር ዓመት አይቆይም። እሱ የተጠቀመው ውሃና ጥሩ ቴርሞሜትር ነው። ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ውስጥ ቴርሞሜትር ይይዛል፣ ያነባል። ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደፈላ ካወቀ የአየሩን ግፊት ያውቃል፤ ግፊቱን ካወቀ ከፍታውን ይገምታል። በእኛ ደጋዎች ላይ በግምት 300 ሜትር ወደ ላይ ስትወጡ የመፍያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ይወርዳል። የሴልሺየስ ራስ ምታት የነበረው ነገር ለዳባዲ መሣሪያ ሆነለት።

ዳባዲ ጊቤን ተሻግሮ ከጉራጌ በስተምዕራብ እስካለው እናርያና እስከ ከፋ ድረስ ዘልቋል። ጊቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎም ብዙ ተከራክሯል፤ ተሳስቷል፣ ጊቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚገባው። ስለ ወንዙ መሳሳቱ ግን የማሰሮውን ነገር አያበላሸውም። ከፓሪስ የመጣ ሰው "ውሃ በ100 ይፈላል" ብሎ እዚህ ቢቀመጥ ኖሮ ካርታ አይኖረውም ነበር። የሄደበት ቦታ ሁሉ "እዚህስ በስንት ይፈላል?" ብሎ ስለጠየቀ ነው ያገኘው።

46 ወይስ 64?

ይህ ጥያቄ ዛሬ የት ይጠቅማል? የሁለተኛ ደረጃ ላቦራቶሪ ውስጥ እንግባ። የታወቀ ሙከራ አለ፦ 0.05 ግራም የማግኒዢየም ጥብጣብ አሲድ ውስጥ ይጨመራል፣ የሚወጣው ሃይድሮጂን በውሃ በተሞላ የተገለበጠ ቱቦ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ይዘቱ ይነበባል። ተማሪው በ22.4 ያሰላል። 46 ሚሊ ሊትር ማግኘት አለበት።

ሙከራው ወልቂጤ ላይ ነው እንበል፤ ክፍሉም 20 ዲግሪ። እዚያ የአየሩ ግፊት 80 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ጎድሏል። ቱቦው ውስጥ ካለው ጋዝ ላይ የውሃ ተን የሚወስደው ድርሻም አለ፤ ወደ 2.3 ኪሎፓስካል። ይህ ሁሉ ሲሰላ ቱቦው ላይ የሚነበበው 64 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከተጠበቀው በ39 በመቶ ይበልጣል።

አሁን የልጁን ጭንቀት አስቡት። ማግኒዢየሙን በትክክል መዝኗል፤ ቱቦውን በትክክል አንብቧል። ቀመሩ 46 ይላል፣ ዓይኑ 64 ያያል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። ሪፖርቱ ላይ 47 ብሎ ይጽፋል፤ ወይም 64 ብሎ ጽፎ ከሥሩ "የሙከራ ስህተት" ይላል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን የሚማረው ነገር አንድ ነው፦ መጽሐፉና ዓይንህ ካልተስማሙ ዓይንህን አትመን። ከኬሚስትሪ ክፍል ይዞት መውጣት የሌለበት ትምህርት ቢኖር ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር ስህተት የሠራ የለም። መጽሐፉ ኤስቲፒ ላይ ነው ያለው፤ ልጁ ወልቂጤ ላይ ነው ያለው። በመካከላቸው የምታሻግረው አንዲት የጋዝ ቀመር ናት፤ እሷም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ጥቂት ገጾች ወረድ ብላ አለች። ቀመሯ ውስጥ የወልቂጤን ግፊትና የክፍሉን ሙቀት ብትከቱ አንድ ሞል 30 ሊትር ይሆናል። ቡታጅራ ላይ ወደ 31 ይጠጋል። የርዕሱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ 22.4 ወልቂጤ ላይ ሲደርስ 30 ነው።

ላቦራቶሪው ሪፖርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚቀቅለውን አውቶክሌቭ እንውሰድ። ዓላማው 121 ዲግሪ ላይ ደርሶ ቀላል ሙቀት የማይገድለውን ጀርም መግደል ነው። የግፊት መለኪያው መርፌ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ መርፌው 103 ኪሎፓስካል ካለ፣ የውጭው 101 ሲደመርበት ውስጡ 204 ይሆናል፤ ይህም 121 ዲግሪን ይሰጣል። ቡታጅራ ላይ ያው መርፌ ያው 103 ላይ ቢቆም የሚደመርበት የውጭ ግፊት 78 ገደማ ብቻ ነው። ድምሩ 181፤ ሙቀቱ 117 ዲግሪ። መርፌው አልዋሸም፤ ዕቃው ግን እንደታሰበው አልተቀቀለም። 121 ለማግኘት መርፌው ወደ 127 መውጣት አለበት። ሙቀቱን በቀጥታ የሚለኩ አዳዲስ ማሽኖች ይህን ራሳቸው ይወጡታል። በመርፌ ብቻ የሚሠራ ድስት ግን የት እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅ ያለበት ሰውየው ነው።

ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ

"እኛ አገር ስታንዳርድ የሚባል ነገር አልነበረም" የሚል ሰው ካለ ወደ ጉራጌ ጓሮ ይምጣ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለው አከፋፈል ከፍታን፣ ሙቀትንና አዝመራን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚይዝ ነው። ትምህርት ቤት ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ነው ተብለን ተምረናል፤ ወልቂጤም ቡታጅራም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ከወልቂጤ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ስትወርዱ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ፤ ጃኬት ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከቡታጅራ ቀና ብላችሁ ስታዩ ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ የሆነው ዘቢዳር አለ። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ "የክፍል ሙቀት" የሚል አንድ ቁጥር ማን ይሰጣል?

ቆጮ የምታዘጋጅ እናት ይህን ጥያቄ ከኬሚስቱ በፊት መልሳዋለች። የተፋቀው እንሰት በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ የሚያብላላውም የአካባቢው ሙቀት ነው። ደጋ ላይ ሲሆን ረጅም ወራት ይቆያል፤ ወደ ሞቃቱ ሲወርድ ጊዜው ያጥራል። "ቆጮ ይህን ያህል ቀን ነው የሚቆየው" ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት የሚያስኬድ ነገር አይደለም። የትኛው ቀበሌ? ጉድጓዱ የት? በየትኛው ወር? እየተከፈተ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ይዳሰሳል። ክትፎ ቤት ገብታችሁ "ለብ ለብ" ስትሉም የምትጠቅሱት የሙቀት መጠን አለ፤ አስተናጋጁ ቴርሞሜትር አምጣ አይላችሁም።

ይህን የማነሳው ሁሉን ነገር አያቶቻችን ያውቁት ነበር ለማለት አይደለም። የቆጮ እውቀት ችግርም አለበት፤ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ቶሎ አይሻገርም። የደጋዋ እናት የምታውቀውን ቆላ ላለችው በቁጥር አትልክላትም። ኤስቲፒ የተፈጠረው ለዚህ ነው፦ እውቀት እንዲሻገር። አንዱ ያለሌላው ጎደሎ ነው።

የሰው ሰውነት ላይም ይሄው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ለመወሰን በሚያወጣው መመሪያ ላይ ለከፍታ የሚደረግ ማስተካከያ ይጨምራል፤ ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል ተብሎ ስለሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት ግን በአማራ ክልል 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጂን መጠናቸውም ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳየ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ከታየው የተለየ ነበር። ስለዚህ ማስተካከያው ራሱ የሌላ ተራራ ማስተካከያ ሊሆን ይችላል። ዙሮ ዙሮ ነገሩ እዚህ መጥቶ መለካት ላይ ይቆማል።

ዲፎልት

እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ ጽፌ የምበላ ሰው ነኝ፤ ይህን ታሪክ የማነበውም በሙያዬ መነጽር ነው። ሶፍትዌር ውስጥ "ዲፎልት" የሚባል ነገር አለ፦ ተጠቃሚው ምንም ካልመረጠ የሚሠራው ቁጥር። ዲፎልት ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለሱ ምንም አይነሳም። አደገኛ የሚሆነው ዲፎልት መሆኑ ሲረሳ ነው።

ሰዓትን ተመልከቱ። ሰርቨሮች ሰዓትን የሚመዘግቡት በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በዚያ ላይ ቀናችንን ከጎህ ስለምንጀምር ሌላ 6 ሰዓት ልዩነት አለ። ጥሩ ፕሮግራም ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ያስቀምጥና ለወልቂጤ ነጋዴ ሲያሳየው "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ይለዋል። ዓለም አቀፉን ሰዓት ማንም አይቃወምም፤ ለነጋዴው እንዳለ አምጥቶ የሚያሳይ አፕ ግን ማንም አይጠቀምበትም። ኤስቲፒ ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የክፍል ሙቀትና የክፍል ግፊት የአገር ሰዓት ናቸው። የኬሚስትሪ ትምህርታችን የመጀመሪያውን ሰጥቶን ሁለተኛውን ለራሳችን ትቶታል።

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕም ያው ነው። ወልቂጤ ብላችሁ ብትፈልጉ ግፊቱን 1,015 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይላችኋል። ያ በወልቂጤ አየር ውስጥ ያለው ግፊት አይደለም። ወልቂጤ ባሕር ዳር ብትሆን ኖሮ ይኖራት የነበረው ነው፤ የአየር ትንበያ ሰዎች ከተሞችን ለማወዳደር ወደ ባሕር ጠለል ያወርዱታል። ስልካችሁ የባሮሜትር ሴንሰር ካለው ግን ጥሬውን ንባብ የሚያሳይ አፕ ክፈቱ፤ 800 አካባቢ ነው የምታዩት። በ100 ብር የማይገመት እውቀት ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ስልኩ ሴንሰር ከሌለው ደግሞ የዳባዲ መንገድ አለ፦ ውሃ አፍሉ፣ ቴርሞሜትሩን እንፋሎቱ ውስጥ ያዙ፣ አንብቡ፣ ከሰንጠረዥ ላይ ግፊቱን ፈልጉ።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ትንሽ ነው፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያለ ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች ሆነው የክፍላቸውን ግፊትና ሙቀት ለክተው፣ ቀመሩን ሠርተው፣ ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ከ22.4 ጎን የራሳቸውን ቁጥር በቀለም መጻፍ ይችላሉ፦ "እዚህ ክፍል ውስጥ 1 ሞል ጋዝ = 30 ሊትር። ውሃ የሚፈላው በ93.6 ነው።" ከሥሩም የለኩበትን ቀን። ቀጥሎ የሚገባው ልጅ 64 ሲያነብ 64 ብሎ ይጽፋል።